ከአባቴ የቀረ ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ፦ ሳልጎዳና ሳልጎዳው እንዴት ልወልውለው?

ጥያቄ (የአባቱ ልጅ)

ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ካረፈ ወዲህ የአደን ጠመንጃው ወደ እኔ መጥቷል፤ ፈቃዱንም በስሜ አዙሬያለሁ። ሁለት አፈሙዝ ጎን ለጎን ያለው፣ ከመሐል ታጥፎ የሚከፈት፣ 12 ጌጅ የሚባለው ዓይነት ነው። ስድስት ዓመት ያህል ከቆዳ ማኅደሩ ሳይወጣ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆይቷል። ትናንት ሳወጣው ላዩ ላይ የዝገት ነጠብጣብ አየሁ፤ መክፈቻውም ደርቆ እምቢ አለኝ። አባቴ ሲወለውል አጠገቡ ቁጭ ብዬ እመለከት ነበር፣ ራሴ ግን ነክቼው አላውቅም። ቤት ውስጥ ሁለት ልጆች አሉ። ናፍጣ ይበቃዋል የሚለኝ አለ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው የሚለኝም አለ። ከየት ልጀምር?

መልስ (የድሮ አዳኝ)

ወንድሜ፣ የአባትህን ነፍስ ይማር። ዝገቱን ለጊዜው ተወው። መክፈቻው እምቢ አለኝ ካልክ ውስጡን አላየኸውም ማለት ነው፤ ስለዚህ ያ ጠመንጃ ጎርሷል ብለህ ያዘው። ስድስት ዓመት መቀመጡ ጥይቱን አያመክነውም።

ልጆቹ ከቤት ይውጡ። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት፣ ጥይት ቢወጣ እንኳ ወደሚያስቀረው አቅጣጫ አዙር፤ ጣትህ ምላጩ አጠገብ አይድረስ። ከዚያ መክፈቻውን በአውራ ጣትህ ረጋ ብለህ ግፋ። አሁንም እምቢ ካለ በመዶሻ አትምታው፣ ጉልበትህ ላይ አስደግፈህም አትታገለው። ዙሪያውን ጥቂት የጠመንጃ ዘይት ጠብ አድርግና አቅጣጫውን ሳትለውጥ ታገሠው። ጨርሶ ካልሆነ ይዘኸው ከመውጣትህ በፊት ለጠመንጃ ጠጋኝ ደውለህ «አልተከፈተም፣ ጥይት ሊኖርበት ይችላል» በለው።

ሲከፈትልህ ሁለቱንም ጉድጓድ በዓይንህ እይ፤ ቀጥለህ በትንሿ ጣትህ ዳስስ። እኔ በወጣትነቴ «ባዶ ነው» ተብሎ የተሰጠኝን ጠመንጃ ይዤ ምላጩን ስቤ ጣሪያ በስቻለሁ። የሰጠኝ ሰው አልዋሸኝም። የእሱ ባለ ካዝና ነበር፤ ካዝናውን አራግፏል፣ አንዷ ግን አፈሙዙ ሥር ጎርሳ ቀርታለች። ሰው አለመጎዳቱን ባሰብኩ ቁጥር ዛሬም እጄ ይቀዘቅዛል።

መልስ (ወልዋይ)

ጋሼ ያሉት ይቅደም። ባዶነቱን ካረጋገጥክ በኋላ ጥይት የሚባል ነገር ሁሉ ከክፍሉ ይውጣ። መስኮት ክፈት፣ ጓንት አድርግ፤ አፈሙዙ ውስጥ የሚቀረው እርሳስ መርዝ ነው፣ ማሟሚያውም (ቆሻሻ የሚያላቅቀው ፈሳሽ) በቀላሉ በእሳት ይያያዛል። ሲጋራም ምግብም አጠገብህ አይሁን። ስትጨርስ እጅህን በሳሙና ታጠብ።

የፊቱን እንጨት ስታወጣው አፈሙዙ ከሰደፉ ይለያል፤ ሦስት ቁራጭ ይሆናል። መወልወያ ዘንጉን ሁልጊዜ ጥይት ከሚገባበት በኩል አስገብተህ በጫፉ አውጣ። በተቃራኒው ካደረግከው ቆሻሻውን ወደ ጥይት መግቢያው ትገፋዋለህ፣ ዘንጉም የአፈሙዙን ጫፍ ይፈገፍገዋል። መጀመሪያ በማሟሚያ የራሰ ጨርቅ አሳልፍና ሩብ ሰዓት ጠብቅ። ከዚያ የነሐስ ብሩሽ ዐሥር ጊዜ ያህል፤ ብሩሹን መሐል ላይ ለመመለስ አትሞክር፣ በጫፉ ብቅ ይበልና ከዚያ መልሰው። ደረቅ ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ቀጥል። ወደ ብርሃን አዙረህ ስታየው ግራጫ መስመር ካለ እርሳስ ነው፤ ከዘመኑ ጥይት የሚቀር የፕላስቲክ ቅሪትም መስመር ሊተው ይችላል። ሁለቱም በትዕግሥት ይለቃሉ።

የብርጭቆ ወረቀቱን ግን በፍጹም። የብረቱን ጥቁር ቅብ ይገፈዋል፣ የተራቆተው ብረት ደግሞ በሳምንቱ መልሶ ይዝጋል። ዝገቱን በዘይት አርሰህ አሳድረውና በሻካራ ጨርቅ እሸው። ናፍጣ ቆሻሻ ያላቅቃል፣ ብረትን ጠብቆ ለማቆየት ግን አልተሠራም።

መልስ (ሰደፍ ጠራቢ)

ስለ ዘይት አንድ ነገር ልጨምር፤ እኔ ዘንድ የሚመጣው ጉዳት ብዙውን ጊዜ ከዚህ ነውና። ሰዎች ጠመንጃ በወደዱ ቁጥር ዘይት ያበዙበታል። ቀጥ አድርገው ሲያቆሙት ዘይቱ ቁልቁል ይወርድና ብረቱና ሰደፉ የሚገናኙበትን እንጨት ያጠጣዋል። እንጨቱ ይጠቁራል፣ ይላላል፤ አንድ ቀን ሲተኮስ ይሰነጠቃል። ስስ ፊልም የመሰለ ዘይት ይበቃል። ማጠፊያው ላይ ብቻ ትንሽ ግሪስ አድርግ። ከጽዳት በኋላ ለአንድ ሌሊት አፈሙዙን ወደ ታች አድርገህ ጨርቅ ላይ አቁመው፣ ትርፉ ይንጠባጠብ።

ያ የቆዳ ማኅደርም ለመጓጓዣ ነው። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፤ ዝገትህ የመጣው ከእሱ ሳይሆን አይቀርም። የጣት አሻራ ላይ ያለው ጨው እንኳ ብረት ያዝጋል፤ ከነካኸው በኋላ ዘይት በነካ ጨርቅ አብሰው።

የአባቱ ልጅ

ተከፈተ! በሁለቱም ጥይት የለም፤ አይቻለሁ፣ ዳስሻለሁ። ግን የግራው አፈሙዝ ብርሃን አያሳልፍም። ዘንጉ ከጫፉ አንድ ስንዝር ሲቀረው ይቆማል። በጥይት ጠርጎ ማውጣት ይቻላል የሚል ጓደኛ አለኝ።

መልስ (የድሮ አዳኝ)

እባክህን አታድርገው! የተዘጋ አፈሙዝ ላይ ስትተኩስ ጋዙ መውጫ ያጣና ብረቱን ይቀደዋል፤ አፈሙዙን ደግፎ የሚይዘው ደግሞ የግራ እጅህ ነው። በዘንግ ቀስ ብለህ ግፋ። ብረት የሚያክል ጥንካሬ ከሆነብህ አቁም።

የአባቱ ልጅ

ጭቃ ነው። ተርብ ቤት ሠርታበት ኖራለች! ተፈርፍሮ ወጣ።

መልስ (ወልዋይ)

እንኳን አልተኮስክ። ሌላም መዝጊያ አለ፤ ከ12 ጌጅ የሚቀጥነው 20 ጌጅ ጥይት በስሕተት 12 ጌጅ ውስጥ ከገባ ተንሸራቶ አፈሙዙ የሚጠብበት ላይ ይቀረቀራል። ከኋላ ባዶ ስለሚመስል 12 ጌጅ ትጨምርበትና ሁለቱ ይገናኛሉ። ብዙ አምራቾች 20ውን ቢጫ የሚያደርጉት ለዚህ ነው። ሁለቱን በአንድ ኪስ፣ በአንድ ሳጥን አታስቀምጥ።

አፈሙዙ ተለይቶ ሳለ ደግሞ ከሥሩ የተቀረጸውን ቁጥር አንብብ። 65፣ 70 ወይም 76 ካለ የጥይት ቤቱ (ጥይቱ የሚቀመጥበት ጉድጓድ) ርዝመት በሚሊሜትር ነው። ከዚያ የሚረዝም ጥይት ሳይተኮስ ይገባልሃል፣ ምክንያቱም የቀፎው አፍ ታጥፏል። ሲተኮስ ግን የሚዘረጋበት ቦታ ያጣል፤ ግፊቱ ከልክ በላይ ይወጣል።

የአባቱ ልጅ

አነበብኩት፤ 65 ይላል። አባቴ የተወው ካርቶን ላይ 70 ተጽፏል። በቀኙ አፈሙዝ መሐል ላይም በጣት የሚታወቅ ስርጉድ አገኘሁ።

መልስ (የድሮ አዳኝ)

እንግዲያው ወልውለህ ስትጨርስ ጠጋኝ ሳያየው አይተኮስ። ካርቶኑንም አሳየው፤ አባትህ የጥይት ቤቱን አስረዝመውት ሊሆን ይችላል፣ የሚለካው እሱ ነው። እስከዚያ ጠመንጃው ተቆልፎ፣ ጥይቱ ለብቻው ሌላ ቦታ ተቆልፎ ይቀመጥ። ልጆች የቁልፍ መደበቂያ ያውቃሉ፤ ቁልፉ ከአንተ አይለይ።

የአባቱ ልጅ

ሰኞ ጠጋኙ ጋ ቀጠሮ ይዣለሁ። አሁን አፈሙዙን ወደ ታች አድርጌ የተቆለፈ ክፍል ውስጥ አቁሜዋለሁ፤ ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ።