ዊጎቪ ሁለት ሳምንት ተቋርጧል፣ ከየትኛው መጠን ይቀጠል?

ሰላም ለሁላችሁ። ፋርማሲስት ወይም ሐኪም የሆናችሁ እባካችሁ እርዱኝ። በሐኪም ትእዛዝ በሳምንት አንዴ የምወጋው የክብደት መቀነሻ መድኃኒት ዊጎቪ 1.7 ሚሊግራም ደርሶ ነበር፤ ፋርማሲው ስላለቀበት ሁለት ተከታታይ ሳምንት አለፈኝ። አንድ መርፌ ብቻ ቢያልፍ መመሪያው ግልጽ ነው፦ ለቀጣዩ ከ2 ቀን በላይ ከቀረ ቶሎ መወጋት፣ ካነሰ መተው። ሁለትና ከዚያ በላይ ሲሆን ግን ወይ መቀጠል ወይ እንደ አዲስ መጀመር ይላል፤ የጨነቀኝ ይሄ ነው። በቀጥታ 1.7 መወጋት ማስታወክና የሰውነት ድርቀት ሊያመጣ ይችላል። ከ0.25 መነሳት ደግሞ በየ4 ሳምንቱ እየጨመሩ እዚህ ለመድረስ 12 ሳምንት ይፈጃል። ሐኪሞች መሃል ላይ፣ ለምሳሌ 1 ሚሊግራም ላይ፣ ያስጀምራሉ?

ሌላው፣ የቀረኝ የመርፌ ብዕር (መድኃኒቱ ያለበት መወጊያ) ፍሪጅ ውስጥ የኋላውን ግድግዳ ተደግፎ ነው ያደረው። በረዶ የሠራ መድኃኒት ቢቀልጥም እንደሚጣል አውቃለሁ። በመስኮቱ ሲታይ ግን ፈሳሹ ጥርት ያለ ነው። በረዶ ሠርቶ እንደነበር በዓይን ይለያል?