የሚይዝ የቤዝ አንገት፦ ላደብዝዘው ወይስ ልላጠው?

ሰላም፣ ቤዝ ጊታር ለምትጫወቱና ለምትጠግኑ ጥያቄ አለኝ።

እያነጻጸርኩ ያለሁት ሁለት የሜፕል እንጨት አንገቶችን ነው። የጃዝ ቤዙ አንገት ስፋት ነት (ክሮቹ ከአንገቱ ጫፍ የሚያርፉበት ቁራጭ) ላይ 38 ሚሊሜትር ነው፣ ጀርባው በሚያብረቀርቅ ፖሊዩሬቴን ተሸፍኗል። እጅ ትንሽ ሲያልበው አውራ ጣትን ይይዛል፤ ከመጀመሪያው ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው የብረት መስመር) ወደ አምስተኛው ሲኬድ እየተንገጫገጨ ነው። ሁለተኛው፣ የፕረሲዥን ቤዙ አንገት፣ 42 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ ወፈርም ይላል፤ ግን ሽፋኑ ሳቲን (ደብዘዝ ያለ) ስለሆነ እጅ ያለ ችግር ይንሸራተትበታል። ስለዚህ ጥፋቱ የውፍረቱ ሳይሆን የሽፋኑ ነው።

ያሰብኩት ጀርባውን ብቻ ማደብዘዝ ነው። ክሮቹን አውልቄ፣ ፒካፖቹን፣ ማለትም የክሮቹን ንዝረት የሚቀበሉትን ማግኔት ያላቸውን ክፍሎች፣ በወረቀት ፕላስተር ሸፍኜ (የስቲል ዎል፣ ማለትም የቀጭን ብረት ሱፍ፣ ብናኝ ማግኔት ላይ ከተጣበቀ ማስለቀቁ መከራ ነው)፣ መጀመሪያ 800 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያ 0000 ስቲል ዎል፣ ሁልጊዜ በአንገቱ ርዝመት፣ ሳልጫን። የሚያሰጋኝ ጠርዙ ነው። እዚያ ሽፋኑ ቶሎ ያልቃል፤ የተራቆተ ሜፕል ደግሞ ላብና እድፍ ይጠጣል፣ ክረምት ላይም እርጥበት ይስባል።

የደበዘዘው ሽፋን በእጅ መታሸት ተመልሶ ማብረቅረቁ አይቀርምና፣ በየስንት ጊዜው ትደግሙታላችሁ? ወይስ አንዴ ልጦ ዘይት መቀባቱ ይሻላል? ታንግ ኦይል (እንጨት ላይ የሚቀባ ዘይት) ፒያሳ ወይም መርካቶ የት እንደሚገኝ የምታውቁ ጠቁሙኝ። ለምግብ የሚሸጠው የተልባ ዘይት ለመድረቅ በጣም ስለሚዘገይ አልፈልገውም።