አንደኛው የዓለም ጦርነት በካናዳ ወታደሮችና ሲቪሎች ላይ ምን አደረሰ?

ጠያቂ፣ የታሪክ መምህር፣ ጅማ

ጤና ይስጥልኝ። ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት ሳስተምር አንዲት ተማሪዬ፣ «መምህር፣ ጠቡ የአውሮፓ ነገሥታት ከሆነ ካናዳን ምን ጥልቅ አደረጋት?» ብላ ጠየቀችኝ። ካናዳ የራሷ ፓርላማ ቢኖራትም በውጭ ጉዳይ ከብሪታንያ ሥር ስለነበረች፣ ሐምሌ 28 ቀን 1906 ዓ.ም. ለንደን ጦርነት ስታውጅ ሳትጠየቅ መግባቷን አስረዳኋት። 8 ሚሊዮን ከማይሞላው ሕዝቧ 620,000 ያህሉ ወታደር መሆናቸውንና 61,000 ገደማ መሞታቸውንም ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ልጅቷ ቁጥሩን ገልብጣ ስታበቃ፣ «እቤት የቀሩትስ?» አለችኝ፤ ደወል ተደወለና ተረፍኩ። የምታውቁትን ብታካፍሉኝ አመሰግናለሁ። ለክፍል እንዲመቸኝ ቀኖቹ በእኛ አቆጣጠር ቢሆኑ እመርጣለሁ።

መልስ 1፣ ጡረተኛ የመሣሪያ ጠጋኝ፣ አጋሮ

መምህር፣ እኔ የማውቀው የወታደሩን ወገን ነው። ዕድሜዬን በጦር መሣሪያ ጥገና ስለጨረስኩ አስቀድሜ የማነሣልዎ ሮስ የሚባለውን ጠመንጃ ነው። ካናዳ ራሷ የሠራችው ይህ መሣሪያ ለዒላማ ተኩስ የተመሰገነ ቢሆንም፣ ጭቃ ሲገባበትና በተከታታይ ሲተኮስበት እየጋለ ይቀረቀር ስለነበር ወታደሩ ማጉረሻውን በጫማው እየረገጠ ለማስከፈት ይታገል ነበር። ሚያዝያ 14 ቀን 1907 ዓ.ም. ቤልጅየም ውስጥ ኢፕር አጠገብ ጀርመኖች የክሎሪን ጋዝ ለቀቁ፤ ካናዳውያኑ ጭንብል ስላልነበራቸው በሽንት ያራሱትን ጨርቅ አፍና አፍንጫቸው ላይ ይዘው ተዋጉ። የወደቀ እንግሊዛዊ ጠመንጃ ያገኘም የራሱን ሮስ ጥሎ ያንን ያነሣ ነበር። በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ6,000 በላይ የሚሆኑት ሞቱ፣ ቆሰሉ ወይም ተማረኩ። ሮስ ከእግረኛ ጦሩ እጅ የወጣው በ1908 ነው፤ በእኔ ሙያ ሲታይ እጅግ የዘገየ ውሳኔ ነው።

ሚያዝያ 1 ቀን 1909 ዓ.ም. ደግሞ አራቱ የካናዳ ክፍለ ጦሮች ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድነት ተሰልፈው፣ በረዶ እየወረደባቸው በፈረንሳይ የሚገኘውን የቪሚን ጉብታ ማጥቃት ጀመሩ፤ በአራት ቀን ያዙት፣ 3,598 ሰውም ሞተባቸው። ካናዳ እንደ አገር የተወለደችው እዚያ ነው የሚባለውም ከዚህ የተነሣ ነው።

መልስ 2፣ የዓይን ሕክምና ነርስ፣ ጅማ

የተማሪዎን ጥያቄ እኔ ልመልስ፤ ጦርነቱ እቤት ድረስ የመጣበት ቀን አለና። ኅዳር 27 ቀን 1910 ዓ.ም. ጠዋት በካናዳዋ የሃሊፋክስ ከተማ ወደብ ሞንት ብላን የተባለች ፈንጂ የጫነች የፈረንሳይ መርከብ ኢሞ ከተባለች ሌላ መርከብ ጋር ተጋጭታ እሳት ተነሣባት። የጭነቱን ዓይነት የከተማው ሰው ስላላወቀ፣ ለሃያ ደቂቃ ያህል ሕፃናትም እናቶችም በመስኮት ተደግፈው ሲነድ ተመለከቱ። መርከቧ ስትፈነዳ መስተዋቱ ሁሉ ፊታቸው ላይ ረገፈ። ወደ 2,000 ሰዎች ሞቱ፣ 9,000 ያህል ቆሰሉ። ወደ 5,900 የሚጠጋ የዓይን ጉዳት ተመዝግቦ 41 ሰዎች ፈጽሞ ታወሩ። ከአንድ ዓይን ላይ ስባሪ ማውጣት ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ስለማውቅ፣ በማግሥቱ በጣለው ከባድ የበረዶ ውሽንፍር ውስጥ የሠሩትን ሐኪሞች ሳስብ እጄ ይዝላል። ቪንሰንት ኮልማን የተባለው የባቡር ሠራተኛ ግን ሸሽቶ መዳን ሲችል፣ ወደ ከተማው የሚመጣውን ባቡር ለማስቆም ወደ ቴሌግራፉ ተመልሶ መልእክቱን ከላከ በኋላ ሞተ።

መልስ 3፣ ሂርማታ ተወልጄ ያደግሁ፣ አሁን በካናዳ ነዋሪ

ጋሼ ስለ ቪሚ ያሉትን አከብራለሁ፤ ነገር ግን አገር ተወለደች የሚለው አነጋገር ለሁሉም አይሠራም። በጎ ፈቃደኛ እየመነመነ ሲሄድ ነሐሴ 23 ቀን 1909 ዓ.ም. የግዳጅ ምልመላ ሕግ ወጣ፤ ፈረንሳይኛ ተናጋሪው የኩቤክ ሕዝብም ይህ የእንግሊዝ ጦርነት ነው ብሎ አጥብቆ ተቃወመ። መጋቢት 23 ቀን 1910 ዓ.ም. በኩቤክ ከተማ ወታደሮች በሕዝብ ላይ ተኩሰው አራት ሲቪሎችን ገደሉ። በኦስትሪያ ሃንጋሪ ግዛት በመወለዳቸው ብቻ ጠላት የተባሉት ዩክሬናውያን ስደተኞች ደግሞ የባሰ ደረሰባቸው፤ 8,579 ሰዎች፣ አብዛኞቹ እነርሱ፣ በካምፕ ታጉረው ባንፍን በመሳሰሉ ተራራማ ቦታዎች መንገድ እንዲሠሩ ተደረገ። በ1910 መጀመሪያ የወጣው የምርጫ ሕግ ለወታደር ሚስት፣ እናትና እኅት የመምረጥ መብት ሲሰጥ፣ ከጠላት አገር መጥተው ከ1902 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዜግነት ካገኙት ከብዙዎቹ ያንኑ መብት ነጠቀ። እኔም ስደተኛ ነኝና ይህን ሳነብ ልቤ ወደ እነርሱ ያደላል፤ ሚዛናዊ እንዳልሆንኩ አውቃለሁ።

ጠያቂው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቀኖቹን ሳመሳክር ያስተዋልኩትን ልጨምር። ጦርነቱ ያበቃው ኅዳር 2 ቀን 1911 ዓ.ም. ነው፤ በዚያው ወር የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ይፈጅ ነበር። ያው ኢንፍሉዌንዛ ካናዳ ውስጥ 50,000 ያህል ሰው ገድሏል፤ ከጦር ሜዳ የተመለሱ ወታደሮችም በየባቡሩ ሲያዛምቱት ነበር። እንግዲህ ኅዳር 12 ቀን ማለዳ ቆሻሻ እየተቃጠለ ጅማ በጭስ ስትታጠን፣ ልጆቹ ዓይናቸውን እያሻሹ ክፍል ሲገቡ ትምህርቱን ከዚያው ከጭሱ እጀምራለሁ።