ስታዲየሙ ከመሃል ድሬ ይውጣ?

የደቻቱ ልጅ፦ ትናንት ማታ ሳቢያን ሰው እዚሁ «ስታዲየሙና ዙሪያው ሳምንቱን ሙሉ የሚተኛ ቦታ ነው፤ ሜዳው ዳር ወጥቶ መሃሉ ለሞልና ለሆቴል ይሰጥ» ብሎ ጻፈ። አቦ፣ ማነው የተኛው? ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ሂድና እይ። ፀሐይ ሳይበረታ የሚሮጠው አለ፣ ኮን ደርድረው የሚለማመዱ ታዳጊዎች አሉ። ግድግዳው ጥላ ሥር ሻሂና ሳምቡሳ የምትሸጥ እናት አለች፤ ባጃጁን አቁሞ እዚያው ቁርሱን የሚበላው አለ። እነዚህ ናቸው የተኙት?

ሳቢያን ሰው፦ ሰዎቹን አላልኩም፣ መሬቱን ነው ያልኩት። መሃል ከተማ ላይ ያለ መሬት ለሻሂ መጠጫና ለጠዋት ሩጫ ብቻ ከዋለ ብክነት ነው። ወጣቱ ሥራ ፈልጎ አጥቷል። ደግሞስ ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያዎቹ «የሜዳቸውን» ጨዋታ ለዓመታት ሰው ሀገር ሲጫወቱ የኖሩት ለምን ሆነ? የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) የሚጠይቀው የመልበሻ ክፍል፣ መብራት፣ ለቡድንና ለተመልካች የተለያየ መግቢያ በታፈነ ቦታ አይሟላም። ሰፊ መሬት ዳር ነው ያለው።

የጥጥ ደጋፊ፦ ይህ ከተማ በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫን አንድ ሙሉ ምድብ አስተናግዷል። ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳንና ዛየር እዚህ ተጫውተዋል። ዛየር የዋንጫው ባለቤት ሆና መጥታ ከድሬ ምድብ ወደቀች፤ ሞሮኮ ከዚህ አልፋ ዋንጫውን ወሰደች። ይህን ታሪክ የያዘ ሜዳ ነው «የሚተኛ» የምትሉት? ልጆች፣ እረፉ።

ሳቢያን ሰው፦ ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ የ1968 መስፈርት ዛሬ አይሠራም። ታሪክ ፈቃድ አያስገኝም።

የጥጥ ደጋፊ፦ ፈቃድ የሚያስገኘው እድሳት ነው። አድሱት! ማፍረስን ምን አመጣው?

የከዚራዋ፦ «ዳር» የምትለውን ነገር አሮጌው ባቡር ጣቢያ ለገሃር ላይ አይተነዋል። አዲሱ ባቡር ጣቢያው ከከተማ ውጭ ሲሆን ምን ተፈጠረ? ድሬ በ1902 እ.ኤ.አ. ሐዲዱ ስለደረሰ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ዛሬ ተሳፋሪ ሻንጣውን ይዞ ለባጃጅ ይከራከራል፤ ለገሃር ፊት የነበረው ግርግርም የለም። ስታዲየሙ ቢወጣ ደግሞ ማታ ጨዋታ ሲያልቅ መጋላና ገንደ ቆሬ የሚገባው ልጅ በምን ይመለሳል? ጨዋታ ያለ ቀን ሕዝቡ በእግሩ ነው የሚመጣው። ድሬ ሜዳ እንዲሞላ የሚያደርገው ይሄ ነው።

ሳቢያን ሰው፦ መንገድና አውቶቡስ አብሮ ይታቀዳላ። ሁሌ ካለፈው ስህተት ተነስተን ወደፊት አንሄድም ማለት ነው?

የደቻቱ ልጅ፦ «ይታቀዳላ»! የሚተኛ ያልከውን ግን አሁንም አላነሳህም። ሌላ ነገር ልጨምርልህ። መሃል ከተማው ሁሉ ኮንክሪትና ፓርኪንግ ሲሆን ዝናቡ ወዴት ይሂድ? የሐምሌ 1998 ዓ.ም.ን ጎርፍ የረሳኸው አንተ ነህ። ደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋ ሆኖ ውሎ፣ ከላይ ከተራራው የወረደው ጎርፍ በአንድ ሌሊት ከሁለት መቶ በላይ ሰው ወሰደ። እኛ ሰፈር ሰው ሰማዩ ሲጠቁር እስከ ዛሬ አይተኛም። አንተ ሳቢያን ተቀምጠህ ነው የምታወራው።

ሳቢያን ሰው፦ ሰፈር አታንሳ። የኔም ዘመድ እዚያ ውሃ ውስጥ ሞቷል።

የደቻቱ ልጅ፦ እግዜር ያጽናህ። ጥያቄዬ ግን አልተመለሰም።

ነጻ ሐሳብ፦ ሁለታችሁም የምትዘሉት ነገር አለ። ቦታው ለልማት ይፈለጋል ቢባል የመሬት ማስለቀቅና ካሳ አዋጅ 1161/2011 ለባለይዞታው ቦታውን በፕላኑ መሠረት ራሱ የማልማት ቅድሚያ ይሰጠዋል። ስለዚህ ዙሪያው ሱቅ ያለው ሰው አቅሙን አሰባስቦ፣ ከጎረቤቱ ጋር ተደራጅቶ እዚያው የሚገነባበት መንገድ አለው። ሞሉ የግድ የሌላ ሰው አይደለም። ችግሩ ያለው የሻሂ እናታችን ጋ ነው። ካርታ የላትም፣ አዋጁ አያውቃትም። ፕላን ሲወጣ ጀምሮ ለሷ ጥላና መደብ ካልተመደበላት መጀመሪያ የምትነሳው እሷ ናት። መጀመሪያ የሚጠፋውም የእሷ ሻሂ ነው።

የጥጥ ደጋፊ፦ አሁን ወግ ተወራ።

የከዚራዋ፦ ጥላ ካነሳህ አይቀር፣ ሜዳው ዙሪያ ዛፍ ይተከል። ፈረንሳዮቹ ከዚራን ሲያቅዱ መንገዱንና ዛፉን አብረው ነው ያሰቡት፤ በዚያ ሙቀት ሰው ቀትር ላይ የሚራመደው በሱ ነው። ስታዲየም ደጃፍ ላይ አስፋልት ብቻ ካነጠፍክ ጨዋታ ሊገባ የተሰለፈው ሰው ከግቡ በፊት ይወድቃል።

የመጋላ ሰው፦ ከዚራ ከዚራ አትበሉን እስቲ! ከዚራን ፈረንሳይ አቀደው፣ መጋላን እኛ ሠራነው። ጠባቡ መንገድና የቤቱ ግንብ እርስ በርሱ ጥላ ይሰጣል፤ ያለ ዛፍም ቀትር ላይ ይኬዳል።

የከዚራዋ፦ መጋላ ጥላ የለውም ያለ ሰው አለ?

የመጋላ ሰው፦ ዛፍ የሚታሰበው ከዚራ ብቻ እንደሆነ አድርገሽ ጻፍሽ። አሸዋ ገበያ ላይ አንድ ዛፍ ተክሎ ያሳደገ አስተዳደር አሳዪኝ።

ሳቢያን ሰው፦ ከስታዲየም ወጣን። እኔ አሁንም ዳር ይውጣ ባይ ነኝ።

የደቻቱ ልጅ፦ «የሚተኛ»ን አንሳና እንቀጥላለን።