ከአልበም ጋር የተጣበቁ የገና ፖስትካርዶች

ሜሪላንድ ውስጥ ከአንድ የአሮጌ ዕቃ ገበያ 23 የቆዩ የገና ፖስትካርዶችን ከነአልበማቸው ገዛሁ። አብዛኞቹ ጀርመን የታተሙ፣ ምስላቸው ከወረቀቱ ጎላ ብሎ የወጣ ናቸው፤ በአንዱ ላይ እንዲያውም የገና አባት አረንጓዴ ካባ ለብሷል። የአሜሪካ ፖስታ ቤት በካርዱ ጀርባ ከአድራሻው ጎን መልእክት እንዲጻፍ የፈቀደው እ.ኤ.አ. ከማርች 1907 ጀምሮ በመሆኑ ዘመናቸውን ለመለየት ጀርባቸውን ማየት ያስፈልገኛል፤ ሆኖም የቀድሞው ባለቤት ሙጫ ባለው የፎቶ አልበም ላይ ለጥፏቸዋል። ሁለቱን በጥርስ ማጽጃ ክር ከሥር እየፈለቀቅሁ በደኅና አወጣኋቸው። ሦስተኛውን ግን በፀጉር ማድረቂያ ሳሞቀው ወረቀቱ ተላጠና የፖስታ ቤቱ ማኅተም ግማሹ አልበሙ ላይ ቀረ። ጽሑፉ በቀለም ስለሆነ ውኃ አላስነካሁም። የቀሩትን 20 ካርዶች ጽሑፋቸውንና ማኅተማቸውን ሳልጎዳ ከሙጫው ለማላቀቅ ምን ብጠቀም ይሻላል?