121 ጊዜ የተሸነፈ ቡድን ለምን አይወርድም?

ጠያቂ፦ የምኖረው ጅማ፣ ሂርማታ ነው። ቺካጎ ያለው ታናሽ ወንድሜ የሚደግፈው የቤዝቦል ቡድን ዋይት ሶክስ በ2024 እ.ኤ.አ. ከ162 ጨዋታ 121ዱን ተሸነፈ፤ 21ዱን በተከታታይ! ሆኖም ሊጉ ውስጥ ቀረ። እኛ ግን የእግር ኳስ ቡድናችን ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉ ሻምፒዮን ሆኖ በ2014 ወደ ታችኛው ሊግ ሲወርድ አልቅሰናል። ይህ እንዴት ፍትሕ ይሆናል?

መልስ 1፦ እዚያ መውረድ የለም፤ 30ዎቹ ቡድኖች ቋሚ ናቸው። እንዲያውም ደካሞቹ ምርጥ ወጣቶችን ቀድመው የመምረጥ ዕድል አላቸው።

መልስ 2፦ ዋይት ሶክስ ግን ያንንም አላገኘም። የመጀመሪያዎቹ መራጮች የሚለዩት በዕጣ ነው፤ ትልቅ ገበያ (ብዙ ገቢ) ያለው ቡድን ግን በተከታታይ ዓመታት ከዕጣው ስለማይገባ የ2025 እ.ኤ.አ. የምርጫ ተራው 10ኛ ሆነ። አሰልጣኙም በዚያው በ2024 ውድድር መሃል፣ ነሐሴ ላይ ተሰናበተ።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ፣ ወንድሞቼ። እኔ ግን አሁንም መውረድን እመርጣለሁ፤ የመጨረሻዋን ጨዋታ እንኳ በጭንቀት እንድንከታተል ያደርገናል።