ሹገር ቢት ላይ ፍግም ዩሪያም ጨመርኩ፤ ቅጠሉ ጫካ ሆነ፣ ስኳሩ ግን ወረደ

ጀማሪው፦
ሰላም ለሁላችሁ። የዘራሁት ሹገር ቢት ነው፣ የስኳር ቀይ ሥር የሚሉት። መሬቱ የደከመ ስለመሰለኝ ልክ ልዘራ ስል የከብት ፍግ በተንኩበት፣ በላዩ ለሄክታር ወደ 10 ቶን የዶሮ ኩስ፣ ከዚያ ደግሞ ለሄክታር 4 ኩንታል ዩሪያ። ቅጠሉ ጫካ ነው፣ ያየው ሁሉ ያደንቃል። ሲነቀል ግን ብዙው ሥር እንደ ጣት ተከፋፍሎ ይወጣል፣ ፋብሪካው ለክቶ ደግሞ ስኳሩ 14 በመቶ ብቻ ነው፣ ባዕድ ነገርም በዝቶበታል ብሎ ሒሳቤን ቀነሰው። አጥቤ ነው እኮ ያስረከብኩት! ጉድ የሠራኝ ፍጉ ነው ወይስ ዩሪያው?

ሒሳብ ወዳድ፦
ባዕድ ነገር ያሉት አፈሩን አይመስለኝም። ሥሩ ውስጥ የተከማቸውን አሚኖ ናይትሮጅን፣ ሶዲየምና ፖታሲየም ነው የሚለኩት። እነዚህ ሲበዙ ስኳሩ አልረጋ ብሎ ከሞላሰስ ጋር ይቀራል። ስለዚህ ሁለቴ ትከስራለህ፣ ስኳሩም ያንሳል፣ ካለውም ላይ ማውጣት የሚቻለው ይቀንሳል።

አሁን እንደምር። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፣ 4 ኩንታል ማለት 184 ኪሎ። የዶሮ ኩስ እንደ እርጥበቱ ይለያያል እንጂ አንዱ ቶን ወደ 19 ኪሎ ናይትሮጅን ይይዛል፣ 10 ቶን 190 ኪሎ ይሆናል፣ ከዚህ ሲሶው በዚያው ዓመት ለሰብሉ ይደርሳል ብንል ወደ 60 ኪሎ ነው። አንድ ላይ ከ240 ያልፋል፣ የከብቱን ፍግ ገና ሳንነካ! ናይትሮጅን ባነሰው አፈር ላይ እንኳ ለሹገር ቢት ብዙ ጊዜ የሚመከረው ለሄክታር 120 ኪሎ አካባቢ ነው። ከዚያ በላይ የሰጠኸው ቅጠል ሆኖ ነው የቆመልህ።

ቀጥተኛው፦
ወንድሜ ፍጉን ተወው በቃ። ፍግ መቼ ናይትሮጅን እንደሚለቅ አታዝበትም። ሰብሉ ስኳር ማጠራቀም ባለበት በመጨረሻው ወር ላይ ይለቅብህና አዲስ ቅጠል ያስወጣዋል። ከረጢት ውስጥ ያለው ዩሪያ ግን ልኩ የታወቀ ነው።

አሮጌው ገበሬ፦
ቀጥተኛው ስለ ዘገየው ናይትሮጅን ያልከው ልክ ነው፣ ፍጉን መጣል ግን አይዋጥልኝም። ጣት ያወጣው ሥር ጥሬ ፍግ ልክ በዘር ሰዓት ስለገባ ይሆናል። ዋናው ሥር ወደ ታች ሲወርድ ያልተብላላ ጓል ያገኛል፣ ጫፉ ይጎዳል፣ ከዚያ ወደ ጎን ይበተናል። የተብላላውን ከመዝራትህ ወራት ቀደም ብለህ በትነው፣ ወዲያው እረሰው። ሳይታረስ ከዋለ ደግሞ፣ በተለይ የዶሮው፣ ናይትሮጅኑ አሞኒያ ሆኖ ይበናል፣ ሽታው ራሱ ይነግርሃል።

ግን ሁሉንም በፍግ አታላክክ። አንዱን የተከፋፈለ ሥር ከነአፈሩ በአካፋ አውጣና ሁሉም እኩል ጥልቀት ላይ መከፋፈላቸውን እይ። እኩል ከሆነ ከሥር የጠጠረ ንጣፍ አለህ ማለት ነው፣ ለእሱ ማዳበሪያ መድኃኒት አይሆነውም።

አፈር ወዳድ፦
እኔም ለፍግ እከራከራለሁ። እንግሊዝ አገር ሮትሃምስቴድ ውስጥ ባርንፊልድ የሚባል ማሳ አለ፣ ከ1843 ጀምሮ ፍግና ማዳበሪያ ሲነጻጸርበት የኖረ። ለረጅም ዘመን ፍግ ያገኘው ክፍል ላይ የተዘራ ሹገር ቢት፣ ናይትሮጅን ሲጨመርለት፣ ማዳበሪያ ብቻ ከለመደው ክፍል የበለጠ ምርት ሰጥቷል። የአፈሩ አያያዝ ስለሚለወጥ ነው፣ ውሃ ይይዛል፣ ችግኙም በቀላሉ ይወጣል።

ፖታሹንም፣ ማለት በማዳበሪያ መልክ የሚሰጠውን ፖታሲየም፣ አስብ። 30 ቶን የከብት ፍግ ከ200 ኪሎ በላይ ፖታሽ ያስገባል፣ ስለዚህ የፖታሽ ማዳበሪያ ላያስፈልግህ ይችላል። ሌላው፣ የሹገር ቢት ዘመድ የባሕር ዳርቻ ተክል ነው፣ ሶዲየም ይስማማዋል፣ የፖታሲየሙን ሥራም በከፊል ይሠራለታል። አንዳንዶች ተራ ጨው የሚበትኑት ለዚህ ነው፣ አሸዋማ መሬት ላይ። የአንተ ጨዋማ ወይም የሚጣበቅ ሸክላ ከሆነ አትሞክረው።

ከሁሉ በፊት ግን አፈሩን አስመርምር። ፒኤቹ፣ የአፈሩ የአሲድነት መለኪያ ማለት ነው፣ ከ6.5 እስከ 7 ካልደረሰ፣ አሲድ መሬት ላይ ይሄ ሰብል ይኮማተራል፣ ያኔ ፍግም ዩሪያም ብትከምርበት ዋጋ የለውም።

ጀማሪው፦
ተባረኩ። እሺ፣ ዩሪያውን መቼ ልስጥ? ደግሞ አንዳንዱ ተክል ላይ መሐል ያሉት ትናንሾቹ ቅጠሎች ጠቁረው ሞተዋል፣ የውጪዎቹ ደህና ናቸው።

ሒሳብ ወዳድ፦
በዘር ጊዜ 30፣ ቢበዛ 40 ኪሎ ናይትሮጅን ይበቃል፣ ሲበዛ ቡቃያውን ያቃጥለዋል። የቀረውን ከ2 እስከ 4 እውነተኛ ቅጠል (ከመጀመሪያዎቹ ሁለት የቡቃያ ቅጠሎች ቀጥሎ የሚወጡትን) ሲያወጣ ስጠውና ጨርስ። ቅጠሉ መሬቱን ከሸፈነ በኋላ ከረጢቱን አትክፈት። መጠኑ ደግሞ 120ው ላይ ከፍግና ከኩስ የሚመጣው ተቀንሶ የተረፈው ብቻ ነው።

አሮጌው ገበሬ፦
የመሐሉ መጥቆር የቦሮን፣ ተክሉ በጥቂቱ የሚፈልገው ንጥረ ነገር፣ እጥረት ይመስላል። አሸዋማ ወይም ኖራ የበዛበት መሬት ላይ፣ በተለይ ድርቅ ሲል ይመጣል። ከአናቱ ሰንጥቀህ እይ፣ ውስጡ ቡናማ ሆኖ ከበሰበሰ እሱ ነው። የዘንድሮው አልፎታል፣ ለሚቀጥለው ምርመራው ላይ ቦሮንም አስጨምር። ከጎደለ ለሄክታር 20 ኪሎ አካባቢ ቦራክስ፣ ቦሮን ያለበትን ጨው፣ ከመዝራትህ በፊት እኩል በትን፣ እጅህ ግን አይክበድ፣ ትንሽ ካለፈ ቀጥሎ የሚዘራውን ገብስ ይመርዘዋል።